የኮርያ ሴቶች ክታብና የመተማ መንገዴ

ቆላ ወርዳችሁ ለማታውቁ፣ ወደፊትም ለማትወርዱ እህቶቼ ይኸን ጻፍሁ። ትምህርት ቤት የሚሉትን ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደሉን ወንድሜ ዳዊት ሲደግም ከጎኑ ጥጥ እየፈተልሁ ነው የለቀምሁት። አጻጻፌ ቢንጋደድ እለፉኝ። እግሬ ግን አይንጋደድም። ላሊበላን ተሳልሜአለሁ፣ በጣና ላይ በታንኳ ተንሳፍፌአለሁ፣ በትግሬ በኩልም አክሱም ደርሼ መጥቻለሁ። መተማ ብቻ ቀርታኝ ነበር፤ እሷንም ይኸው አየኋት!

የሄድሁበትን ምክንያት ላስቀድም። ጣሊያን አገራችንን ከያዘ ሦስተኛው ዓመት ነበር። መንደራችን ከጭልጋ በታች፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ናት። ክረምቱ እንደ ወጣ ንዳድ ከቆላው ሽቅብ ወጣና ቤት ለቤት ይዞረን ጀመር። የልጅ ልጄን ውዴን ያዛት። ውዴ እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔው ያሳደግኋት፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ኮረዳ ናት። ንዳዱ አንድ ቀን ይተዋታል፣ በማግስቱ ይመለስባታል፤ ሲመለስ አልጋው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።

በዚህ መሐል ሲራራ ነጋዴው አያ ታረቀ ከመተማ ሲመለስ ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ በነጭ ጨርቅ የተሰፉ ትንንሽ ቋጠሮዎች ይዞ መጣ። «ከድንበሩ ማዶ አንዲት የባዕድ አገር ሴት አለች አሉ። ለንዳድ ነው፣ ለታመመ ስጡ ብላ ላከች» አለን። እሱም በሰው እጅ ነው የተቀበለው፤ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው የለም።

ደብተራችን ቋጠሮውን አገላብጦ አየው። በላዩ በጥቁር ቀለም ጽሕፈት አለበት፤ ክብ፣ ዘንግ፣ ደግሞ ክብ፣ ደግሞ ዘንግ፤ ዓይን ዓይን ይመስላል።

«ይኸ ክታብ ነው፤ የምሥራቅ ሰዎች ክታብ። ክታብ ደግሞ አይፈታም፤ ከተፈታ ኃይሉ ይወጣል» አለን።

ማን ይፈታዋል! የታመመው ሁሉ በአንገቱ አሰረው። ደብተራው ራሱ ሳይታመም አሰረ፣ ለጥንቃቄ። ውዴም አሰረች። ንዳዱ ግን ክታቡን እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ያሰሩት ሁለት ሰዎች ሞቱብን። ያን ጊዜ ሐሳብ ገባኝ፤ ምናልባት በአንገት ሳይሆን በክንድ የሚታሰር ይሆን? ወይስ የሚደገምበት ጸሎት አለው? ደብተራውን ብጠይቀው ራሱን አከከ።

«እንግዲያው ሰጭዋን ሄጄ እጠይቃታለሁ» አልሁ።

ውዴ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ሳቀችብኝ። «እማማ፣ መዞር አማረዎትና እኔን ምክንያት አደረጉኝ!»

ግማሹ እውነቷን ነው። ሌላው ግማሽ ግን ፍርሃት ነበር። ሄጄ እስክመለስ ባላገኛትስ?

ሰኞ ማለዳ ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቻት ከአያ ታረቀ ጋር ወረድሁ። አህዮቹ ማርና ሰም ጭነዋል፤ እኔ ዘንግና ስንቄን ብቻ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ለብርድ የለበስሁት ጋቢ ከበደኝ፤ ቀትር ላይ በራሴ ጣልሁት፤ ከሰዓት በኋላ አህያ ላይ ወጣ። እናንተዬ፣ ሣሩ! የእኛ ሣር የላም ጉልበት ቢደርስ ስለት ደረሰ እንላለን። የዚያ አገር ሣር አህያውን ከነጭነቱ ዋጠው፤ ጆሮው እንኳ አይታይም። «ታረቀ፣ አለህ?» እላለሁ፣ «አለሁ፣ አንቱስ?» ይለኛል፤ እንዲህ እየተጠራራን ውለን ከአንድ ገበሬ ደጅ አደርን። የማሽላ ቂጣ በእርጎ አበሉን። የእኛ ደጋ ሰው ማሽላን ለጠላ ነው የሚያውቀው፤ እኔ ግን ሁለተኛ አስጨመርሁ።

ማክሰኞ ጉድ ፈላ። አንዱን የማር አቁማዳ ሽመል ቀርከሃ ወግቶት ማሩ ይንጠባጠብ ኖሯል፤ እኛ ወሬ ይዘን አላየንም። ንቦቹ ግን አዩ! በአንድ ጊዜ ሰማዩ ዝም ብሎ አጉረመረመ። አህያው ወደ ወንዝ፣ አያ ታረቀ ከነልብሱ ወደ ወንዝ፣ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ መሬት ላይ ዝርግት! ሲያልፍ ቀና ብል የታረቀ ራስ ብቻ ከውሃው ላይ ይታያል፤ አንድ ዓይኑ አብጧል።

«እማማ ትርንጎ፣ ነደፉዎት?»

«እኔን ምን ያደርጉኛል? አሮጌ አበባ ንብ አይወደውም።»

ባበጠው ዓይኑ እያለቀሰ ባልተነካው ሳቀ።

ረቡዕ ገንዳ ውሃ ደረስን። ያሳደረችን ሐሊማ የምትባል የነጋዴ ሚስት ናት፤ ታረቀ የባሏ ደንበኛ ነው። ቤቷ የሣር ጎጆ ሆኖ እንዴት ይጸዳል! አልጋው በገመድ የተጠለፈ፣ አንገረብ የሚሉት ነው፤ ጀርባን ያወዛውዛል፤ የእኛ መደብ ከዚያ በኋላ ድንጋይ መሰለኝ። ሐሊማ እንግዳ መጣ ብላ ዶሮ ልታርድ ስትነሣ ባሏ በዓይኑ ጠቀሳት፤ እኔ የእስላም እርድ እንደማልበላ፣ ቀኑም ጾም እንደሆነ ትዝ አላት። ወዲያው ወጣች። ቆይታ አዲስ ድስት ተሸክማ መጣች።

«ከክርስቲያን ጎረቤቴ ተውሼ ነው፣ እናቴ። ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ አይጠራጠሩ» አለችኝ።

በዚያ ድስት ባሚያ በሰሊጥ ዘይት ሠርታ፣ እንደ ወረቀት ከሳሳ የማሽላ ቂጣ ጋር አቀረበችልኝ። ባሚያው ይልጋል፤ ጉሮሮ ላይ ሳያስፈቅድ ነው የሚያልፈው። በኋላ ስጨዋወታት ባሏም በንዳድ እየተያዘ እንደሚለቀው ነገረችኝ። በአንገቱ የእኛን የመሰለ ነጭ ቋጠሮ አየሁ። እሱም አስሮታል! እኛ ብቻ አይደለንማ።

ሐሙስ ከፀሐይ ጋር ስንታገል ዋልን። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ በየማሳው ቆሟል፤ ከሩቅ ሲያዩት ለጉባኤ የተሰበሰበ ሰው ይመስላል። ማምሻውን መተማ ገባን። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳለምሁ፤ ከዚያ ገበያውን ዞርሁ። ዓረብኛው፣ አማርኛው፣ ከምዕራብ የመጡት የተክሩሮች ቋንቋ፣ ሁሉም በአንድ አፍ ይወጣል። አንዱ በዓረብኛ ይራገማል፣ ወዲያው በጎንደር አማርኛ ይቅርታ ይለምናል። እንዴት ደስ ይላል!

አርብ ወደ ማዶ ልንሻገር ነው። እኔ ድንበር ሲሉኝ ግንብ መስሎኝ ነበር። አንድ ደረቅ ፈፋ ነው፤ እነሱ ኮር ይሉታል። ወዲህ የጣሊያን ባንዲራ፣ ወዲያ የእንግሊዝ፤ ፍየሎቹ መሐል ገብተው የሁለቱንም ሣር ይግጣሉ። የጣሊያን ወታደር የሆነ የአገራችን ሰው ኬላው ላይ ቆሟል።

«አንቺ አሮጊት፣ ወዴት ነው?»

«ጨው ልገዛ፣ ልጄ።»

«እዚህ ጨው ጠፋ?»

«አለ፤ ግን እዚያ ማዶ የገዙት ነው ለወሬ የሚጥም።»

ሳቀና አሳለፈኝ። አያ ታረቀ ግን በጆሮዬ «ሲገቡ ነው የሚስቁት፤ ሲመለሱ አቁማዳ ይቀድዳሉ። መድኃኒት ወደ አርበኞች ይሄዳል ብለው ነው» አለኝ።

ማዶ ገላባት ነው፤ የሱዳን አገር። ከአገራችን የተሰደዱ ሴቶችና ልጆች በሣር ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ሴትዮዋን ለማግኘት አልተቸገርሁም። አጠር ያለች፣ ነጭ የለበሰች፣ ጸጉሯን ከኋላ በዘንግ የሰካች ናት፤ ስታየኝ ወገቧን ሰብራ እጅ ነሣችኝ። እኔም ነሣሁ። ደግማ ነሣች። እኔም ደገምሁ። እንዲህ ስንጎነበስ ቀኑ ሊመሽ ነበር፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገላገለችን። ጥሩወርቅ የጎንደር ስደተኛ ናት፤ ከሚሲዮን ቤት የለመደችው እንግሊዝኛ ስላላት የምታስተረጉመው እሷ ናት። የሴትዮዋ ስም ሱኖክ ነው አለችኝ፤ አገሯም ኮርያ፣ ከሕንድ ወዲያ፣ ከቻይናም ወዲያ።

ቋጠሮዬን ከጉያዬ አውጥቼ ጠየቅሁ። «ይኸ የሚታሰረው በአንገት ነው ወይስ በክንድ?»

ጥሩወርቅ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ምን አሉ እማማ?»

«በአንገት ነው በክንድ? መንደራችን በአንገት አስሮ አልሆነለትም።»

ጥሩወርቅ ተረጎመች። ሱኖክ አልገባትም፤ ደግማ ጠየቀች። ሲገባት መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ አንድ ነገር አለች።

«አስሮት የሞተ አለ ወይ ትላለች» አለች ጥሩወርቅ።

«ሁለት» አልሁ።

ሱኖክ ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቆይታ ቋጠሮውን ከእጄ ወሰደችና ስፌቱን በጥርሷ በጠሰችው። ልቤ ዘለለ፤ ኃይሉ ወጣ ብዬ! ከውስጡ በወረቀት የተጠቀለሉ እንደ ሽምብራ ያሉ ነጫጭ ፍሬዎች ወጡ።

«ኪኒን ነው፣ እማማ» አለችኝ ጥሩወርቅ። «ይዋጣል።»

«ላዩ ላይ ያለው ድግምትስ?»

«ድግምት አይደለም። ‹እህል ከቀመሳችሁ በኋላ በውሃ ዋጡ› ነው የሚለው፤ በራሳቸው ቋንቋ።»

ሱኖክ ግንባሯን በመዳፏ እየመታች የተናገረችውን ጥሩወርቅ ነገረችኝ። ቋጠሮዎቹን የሰፉት አገራቸውን ጥለው በባሕር መካከል ባለ ደሴት የሸንኮራ አገዳ የሚቆርጡ የኮርያ ሴቶች ናቸው። ከሥራ ገብተው፣ እጃቸው በአገዳው ተላልጦ፣ አንዷ ትሰፋለች አንዷ ትጽፋለች። ከልባቸው ስለጻፉት በማን ፊደል እንደጻፉት አላሰቡም። «እኛም እዚህ ስናድል በአፋችን እንነግራለን፤ ቋጠሮው በነጋዴ እጅ ሲሄድ ግን አፋችን አብሮት አልሄደም» አለች።

አሳዘነችኝ። ክንዷን ይዤ አነሣኋት። «አንቺ ልጄ፣ እኛስ ብንሆን ሰፍተን ብንልክላችሁ በግእዝ አልነበር የምንጽፍባችሁ?»

ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን። ሩዝ በሁለት ቀጭን ዘንጎች እየለቀመች በላች፤ ለእኔም ሰጠችኝ፤ የእኔ ሩዝ ሁሉ ቀሚሴ ላይ ቀረ። ለምን እንደመጣች ጠየቅኋት። የእነሱንም አገር ጃፓን የሚባል ጎረቤት ንጉሥ ነጥቋቸዋል፤ በገዛ ቋንቋቸው እንዳይማሩ፣ ስማቸውን እንዳይጠሩ ያስጨንቋቸዋል። የእኛ አገር ተያዘ የሚለው ወሬ በጋዜጣ ሲደርሳቸው እነዚያ ሴቶች ቤታቸው ዳግመኛ የተቃጠለ ያህል አለቀሱ። ከዚያ ማኅበራቸው ተማከረ። እያንዳንዷ ሩዝ ስትቀቅል አንድ ማንኪያ እየቀነሰች ወደ ጋን ትጨምራለች፤ ሲሞላ ተሽጦ ኪኒን ይገዛበታል። ከሕንድና ከግብፅ ሴቶችም ጋር ይላላካሉ። ሱኖክ ደግሞ በዳሱ ሥር ያሉትን ስደተኞች መንደራቸው እንዴት እንደ ተቃጠለ እየጠየቀች ትጽፋለች፤ እነዚያ ማኅበሮች ተርጉመው በየአገሩ ጋዜጣ ያወጡታል። እኔንም ጠየቀችኝ፤ ጣሊያኖች ስለ ገደሉት ወንድሜ ነገርኋት። «ስሙን ልጻፈው?» አለችኝ። «ጻፊው» አልሁ።

አንዲት ስደተኛ «አንቺ ሴት፣ እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው? ነፃ ነገር አለ?» ብላ ጠረጠረች።

«ነፃ ማን አለሽ? ወንፈል ነው!» አልኋት። «ዛሬ የእኛን ማሳ ያርማሉ፤ የእነሱ ቀን ሲደርስ እኛ እንወጣለን።»

ጥሩወርቅ ወንፈልን ለመተርጎም ብዙ ደከመች። ሲገባት ሱኖክ ክንዴን ጨብጣ አልለቅ አለችኝ።

ቅዳሜ የሥራ ቀን ሆነ፤ እንዴት ያለ ቀን! ጥሩወርቅ በየቋጠሮው ላይ በአማርኛ ልጻፍበት አለች።

«ማን ያነብበዋል?» አልኋት። «በመንደራችን አንባቢው ደብተራው ነው፤ እሱን ደግሞ አይተነዋል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አፍ ስፉበት። የተከፈተ አፍ፣ በቀይ ክር። ከጎኑ የውሃ ቅል። ይኸን የማያነብ ማን አለ?»

ሱኖክ እጇን አጨበጨበች። ስደተኞቹ ሴቶች ሁሉ መርፌ ይዘው ከበቡን። ያቺ የጠረጠረችዋም መጣች፤ ከሁላችንም የምትፈጥነው እሷ ሆነች። የእኔ አፍ የዓሣ መሰለ፤ የሱኖክ የዶሮ፤ አንዷ ደግሞ ጥርስ ጨመረችበትና «ይኸማ ሊበላን ነው!» ተብላ ተሳቀባት። ዳሱ ሥር እንደ ሠርግ ቤት ነበር። ሱኖክ በአገሯ ዜማ አንጎራጎረች፣ እኛ በእስክስታ ተቀበልናት፤ ትከሻዋን ልትሞክር ብላ አንገቷን ልትሰብር ነበር።

እሑድ መመለሻችን ሆነ። አያ ታረቀ ጨዉን ጭኖ መጣ፤ ፊቱ ግን ጠቁሯል። «ኬላው ላይ ጨዉን እያፈሰሱ ነው የሚፈትሹት። ካገኙት ይወስዱታል፤ እኛንም ያስሩናል» አለ። ውዴ ትዝ አለችኝ፤ ያ ቀን የመያዣዋ ቀን ነበር። ስንቱን ተራራ ወርጄ በአንድ ፈፋ ልቀር ነው?

ድንገት ሳቄ መጣ። «ታረቀ፣ ገመድ ስጠኝ» አልሁ።

ቋጠሮዎቹን ሁሉ በገመድ ሰካክቼ በአንገቴ አጠለቅኋቸው፤ የተረፉትን በአህዮቹ አንገት። ከሩቅ ላየኝ የጸበልተኞች ሁሉ አለቃ እመስላለሁ። ኬላው ላይ ያው ወታደር ነው። ጨዉን አስፈሰሰ፣ ስልቻውን ገለበጠ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ይኸ ሁሉ ምንድነው?»

«ክታብ ነው፣ ልጄ።»

«ይኸ ሁሉ?»

«ያለብኝን ጋኔን ብዛት ብታውቅ ይኸም አነሰ ትለኝ ነበር።»

እጁን ዘረጋ። ቀይ የተከፈተ አፍ አየ፤ ሌላ ቀይ አፍ፤ በዚያች በጥርሳሟ ላይ ሲደርስ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አህዮቹስ?»

«እነሱም አለባቸው፤ ከእኔ ነው የተጋባባቸው።»

ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሸሸ። «ሂጂ! ሂጂ ከዚህ! ዕቃውንም አትንኩት!» ብሎ ለባልደረቦቹ ጮኸ። ሄድሁ እንጂ! ከዓይናቸው እስክንርቅ አያ ታረቀ ከንፈሩን ነክሶ ያዘ፤ ከዚያ አህያው አንገት ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ማልቀስ ጀመረ።

የመመለሻውን መንገድ በረርን ማለት ይቀላል። ገንዳ ውሃ ስንደርስ ለሐሊማ ባል ቋጠሮውን ፈትቼ አዋጥሁት፤ ሐሊማ እጄን ሳመችኝ፤ ያንን ድስት ለሌላ ክርስቲያን እንግዳ እንዲሆን ገዝታ አስቀምጣው ኖሯል። ሽቅቡን ሳላርፍ ወጣሁት። አፋፉ ላይ ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳይ ደጄ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ለቅሶ መሰለኝ። ታረቀ ደግፎ ወሰደኝ።

ለቅሶ አይደለም። ውዴ ውስጥ ተኝታለች፤ ጉንጯ ገብቷል፣ ግን ትተነፍሳለች። ሰዎቹ ሊጠይቋት የመጡ ናቸው። ደብተራውም አለ።

«በክንድ ነው አይደል?» አለኝ።

«በአፍ ነው» አልሁት።

ቀዩን አፍ አሳየሁት። «ክታብ ይበላል?» ብሎ ተቆጣ፤ ሌሎቹም አጉረመረሙ፤ መርዝ ይሆን የሚልም ነበረ። አንድ ፍሬ አውጥቼ በፊታቸው ዋጥሁ። ደብተራው አየኝ፣ ቆይቶም አየኝ፤ ከዚያ የራሱን ቋጠሮ ከአንገቱ በቢላ በጠሰ።

«ታጥቦ የሚጠጣ ክታብ እንዳለ አውቃለሁ። ይኸ እንግዲህ የሚዋጠው ዓይነት ነው» አለና ዋጠ። ፊቱ እንደ ደረቀ ሎሚ ተጨማደደ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ውዴ የመጀመሪያውን ተፋችው። ሁለተኛውን አፍንጫዋን ይዤ አዋጥኋት። እንዲህ ስንታገል ሰነበትን። የመያዣዋ ቀን ሲደርስ ጋቢና ቡልኮ አዘጋጅቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ረፋዱ አለፈ። ቀትር ሆነ። ጥላው ተዘረጋ፤ አልተንቀጠቀጠችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ምላሷን አውጥታ በእጇ ጠረገች።

«እማማ፣ ይኸን የላከችው ሴት አማት መሆን አለባት፤ ምራቷን ልትገድልበት ያሰናዳችውን ነው ለእኔ የላከችው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አያ ታረቀ ዳግመኛ ወደ መተማ ሲወርድ ይኸን ቃል እንዳለ ለሱኖክ እንዲነግራት፣ እሷም ለእነዚያ አገዳ ቆራጮች እንድትልክላቸው አደራ አልሁት።

«ምስጋናስ?» አለኝ። «ስድብ ብቻ ልውሰድላቸው?»

«ይኸው ነው ምስጋናው» አልሁት። «ሳትድን አትሳደብም ነበር። እነሱ ሴቶች ናቸው፤ ይገባቸዋል።»